ለዓመታት የተቀመጠን የስፌትና የጥልፍ ሥራ ከቤተሰብና ከጎረቤት ጋር ለመቋጨት፦ የአሠራር መመሪያ

«እናቴ የጀመረችው ዳንቴል ሻንጣ ውስጥ አለ፤ እንዴት ልጨርሰው?» የሚለው ጥያቄ በየጊዜው ይደርሰኛል። አንዳንዴ ዳንቴሉ የትራስ ጥልፍ ይሆናል፣ አንዳንዴ ከስድስት ዓመት በፊት ተቆርጦ ሳይሰፋ የቀረ ቀሚስ፣ አንዳንዴ ደግሞ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ተገጣጥሞ ገበር ሳይገባለት የተጠቀለለ የአልጋ ልብስ። መልሱ ግን ለሁሉም አንድ ዓይነት ስለሆነ እዚህ በቅደም ተከተል ጽፌዋለሁ።

ከመጀመርዎ በፊት አንድ ነገር ይለዩ። በእያንዳንዱ ሥራ ውስጥ ሁለት ዓይነት ድካም አለ። አንደኛው መለካት፣ መቁረጥ፣ ቀለም ማመሳሰልና መወሰን ሲሆን ጸጥታና ብቸኝነት ይፈልጋል። ሁለተኛው መዘምዘም፣ መጥለፍና መቋጨት ሲሆን ወሬ እየሰሙ፣ ቡና እየጠጡ ሊሠራ ይችላል። ብዙ ሥራ ሻንጣ ውስጥ የሚቀረው ጊዜ ስለጠፋ ብቻ አይደለም፤ ሰው ተሰብስቦ እጁን ሊያውስ ሲመጣ ገና ያልተወሰነ ነገር ስለሚያገኝ ጭምር ነው። ይህ መመሪያ የመጀመሪያውን ዓይነት ሥራ ብቻዎን አስቀድመው እንዲጨርሱ፣ ሁለተኛውን ለእንግዳ እንዲያቆዩ ሆኖ የተዘጋጀ ነው።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ሜትር፣ የልብስ ሰፊ ጠመኔ፣ ስፒልና ጥቂት መርፌ ቁልፍ
- የተለያየ ውፍረት ያላቸው ቢያንስ 12 የእጅ መርፌዎችና ጣት መከላከያ
- ሁለት መቀስ፦ አንዱ ለጨርቅ ብቻ፣ ሌላው ለወረቀትና ለቀረው ሁሉ (ወረቀት የቆረጠ መቀስ ጨርቅን ያኝካል እንጂ አይቆርጥም)
- ነጭ የጥጥ ክር ለመሸለያ (ጨርቅን በረጅም ስፌት ለጊዜው ለማያያዝ)፣ እንዲሁም ለእያንዳንዱ ሥራ የሚስማማ ክር
- ለስፌት መኪና አዲስ መርፌ፦ ለቀጭን ጥጥ ቁጥር 80/12፣ ለወፈር ያለ ወይም ለተደራረበ ጨርቅ 90/14
- የስፌት መኪና ዘይት
- ካውያ፣ ወፍራም ፎጣ፣ አንድ ንጹሕ ነጭ ጨርቅ
- ለእያንዳንዱ ሥራ አንድ ከረጢት፣ ወረቀትና እስክሪብቶ

ደረጃ 1፦ ሁሉንም አውጥተው በቀን ብርሃን ይመርምሩ

ሻንጣውን ወይም ፌስታሉን በረንዳ ላይ ያራግፉ። ናፍታሊን ተቀምጦበት ከነበረ ጨርቁን ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሥር ሽታው እስኪጠፋ ድረስ ያናፍሱት፤ የናፍታሊን ትነት በተለይ ለሕፃናት ጎጂ ነው። ከዚያ የቆዩ ስፒሎችንና መርፌዎችን በሙሉ ይንቀሉ፤ ለዓመታት ጨርቅ ውስጥ የኖረ ስፒል ዝገት ይተዋል፣ በታጠበ ቁጥርም እድፉ ይሰፋል። ዝገት ካገኙ የሎሚ ጭማቂና ጨው ቀብተው ለጥቂት ሰዓት ፀሐይ ላይ ያቆዩትና በደንብ ያለቅልቁት፤ ነገር ግን ሎሚ አንዳንድ ቀለም ስለሚያነጣ በመጀመሪያ በማይታይ ጥግ ላይ ይሞክሩት። በረኪና አያፍስሱበት፤ በረኪና የዝገትን እድፍ ያጠነክረዋል እንጂ አያስለቅቀውም።

ቀጥሎ ክሩን ይፈትኑ። አንድ ክንድ ያህል ክር ወስደው በሁለት እጅ ጠበቅ አድርገው ይሳቡ። ሳይታገል ከተበጠሰ ማጠንጠኛው ሙሉ ቢሆንም ይተዉት፤ የደከመ ክር የሰፉትን ሁሉ በመጀመሪያው አጠባ ይፈታዋልና። ጨርቁንም ወደ ብርሃን አንሥተው እጥፋቱ የነበረበትን መስመር ይመልከቱ፤ መጀመሪያ የሚሳሳው እዚያ ነው። የቆየ ላስቲክ ግን መፈተን አያስፈልገውም፤ በአዲስ ይቀይሩት።

በመጨረሻ የቀለም ፈተና ያድርጉ። ነጩን ጨርቅ አርጥበው ቀይ፣ ጥቁርና ሰማያዊ ክር ላይ ተጭነው ያቆዩት። ቀለም ከወጣ ሥራው ከማለቁ በፊት ማወቅዎ ጠቃሚ ነው፤ ቀዩ ጽጌረዳ ነጩ አቡጀዲ ላይ ሲፈስስ ማየት ከሁሉም የከፋ ኪሳራ ነው።

ደረጃ 2፦ ለእያንዳንዱ ሥራ ቀጣዩን ስፌት ይጻፉ

አንድ ወረቀት ለአንድ ሥራ ይመድቡና አራት ነገር ይጻፉበት፦ ሥራው ምንድን ነው? ለማን ነበር? ምን ይጎድለዋል? አሁን ቁጭ ቢሉ የመጀመሪያው እንቅስቃሴ ምንድን ነው? አራተኛው ጥያቄ ዋናው ነው። «ቀሚሱን መጨረስ» የሚል መልስ አይጠቅምም፤ «የግራውን እጅጌ በብብቱ በኩል መሸለል» የሚል ግን ወዲያው ያስጀምራል። ይህን ዓረፍተ ነገር መጻፍ ካልቻሉ ሥራው የቆመበትን ምክንያት አገኙ ማለት ነው፤ መለኪያው ጠፍቶ ወይም ክሩ አልቆ ይሆናል።

ወረቀቶቹን በሦስት ይክፈሉ፦ የሚጨረስ፣ ወደ ሌላ የሚለወጥ፣ የሚለቀቅ። አምስት ዓመት ለሞላት ልጅ የተቆረጠ ቀሚስ ልጅቱ 11 ዓመት ከሞላት በኋላ ቀሚስ አይሆንም፤ የትራስ ልብስ ግን ይሆናል። ሥራውን የጀመረው ሌላ ሰው ከሆነና በሕይወት ካለ ሳይጠይቁት መቀስ አያንሡ። እናት ወይም አክስት «ተዪው፣ ምን ያደርግልሻል» ቢሉም እንኳ ሲተረተር ማየት አይወዱም፤ ይህን ከአንድ ጊዜ በላይ አይቻለሁ።

ደረጃ 3፦ ለመጀመሪያው ቀን ከሦስት ሥራ በላይ አይምረጡ

አንዱ ሊያልቅ ጥቂት የቀረው ይሁን፤ በዚያው ቀን ተጨርሶ ሲታይ ሰውን ለሌላ ቀን ይጠራል። ሁለተኛው ብዙ እጅ የሚፈልግ ትልቅ ሥራ ይሁን። ሦስተኛው ልጆች ወይም ስፌት የማያውቅ እንግዳ ሊሠራው የሚችል ቀላል ነገር ይሁን።

ደረጃ 4፦ የውሳኔውን ሥራ ብቻዎን ይጨርሱ

ይህን ሰው ከመጠራቱ ከሁለት ወይም ከሦስት ቀን በፊት ያድርጉ።

ክር ማመሳሰል፦ ሥራውን ራሱን ይዘው ወደ ሱቅ ይሂዱ እንጂ በትዝታ ወይም በስልክ ፎቶ አይግዙ። ከማጠንጠኛው አንድ ዘለላ አስፈትተው፣ ጨርቁ ላይ አጋድመው፣ ከሱቁ በር ወጥተው በፀሐይ ብርሃን ይዩት። የተጠቀለለ ክር ከተሰፋው ይልቅ ጠቆር ብሎ ስለሚታይ፣ በሁለት ቀለም መካከል ካመነቱ ጠቆር ያለውን ይውሰዱ። ፈጽሞ የሚመስል ካጡ አዲሱን ክር በመሀል አያስገቡት፤ ጠርዙን በሙሉ በእሱ ይዙሩት፤ ያን ጊዜ ልዩነቱ ሆን ተብሎ የተደረገ ይመስላል።

አዲስ ጨርቅ ማጠብ፦ ለገበር ወይም ለመጣፊያ የተገዛ የጥጥ ጨርቅ ሳይቆረጥ መታጠብ አለበት። ከዚህ በፊት ሲታጠብ የኖረ አሮጌ ጨርቅ መሰብሰቡን ጨርሷል፤ አዲሱ ገና ስላልተሰበሰበ ሁለቱ አብረው ከተሰፉ በኋላ ሲታጠቡ አዲሱ አሮጌውን ይስበዋል።

የዳንቴል ልክ፦ የሌላ ሰውን ዳንቴል የሚቀጥሉ ከሆነ በተመሳሳይ ክር አንድ ትንሽ ናሙና ሠርተው ከአሮጌው ጋር በሜትር ያስተያዩ። የእርስዎ እጅ ላላ ካለ ቀጠን ያለ ኪሮሽ (የዳንቴል መሥሪያ መርፌ)፣ ጠበቅ ካለ ወፈር ያለ ኪሮሽ ይያዙ። «ስቀጥል እጄ ይለምደዋል» ብሎ መጀመር ጠርዙ እንዲንጋደድ ያደርጋል።

የአልጋ ልብስ ስሌት፦ ከቁርጥራጭ የተገጣጠመው የላይኛው ገጽ 150 በ200 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። ገበሩና ውስጠኛው ሙሌት በእያንዳንዱ ጎን 10 ሴንቲ ሜትር መትረፍ ስላለበት ገበሩ 170 በ220 ይሆናል። ጨርቁ 150 ወርድ ካለው መቀጠል ግድ ነው። ቁመቱን ተከትለው ሁለት 220 ቢወስዱ 4.4 ሜትር ይፈጃል፤ አግድም አድርገው ሁለት 170 ቢወስዱ ግን 3.4 ሜትር ይበቃል፤ ለመሰብሰቡ ሲጨመርበት 3.6 ሜትር ይግዙ። ለጠርዙ ማሰሪያ ዙሪያው 700 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ለማዕዘኖቹና ለመዝጊያው 30 ይጨመራል። ከ150 ወርድ ጨርቅ ስድስት ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው አምስት ጥብጣቦች 750 ስለሚሆኑ የሚበቁ ይመስላል፤ ነገር ግን በሰያፍ ሲቀጠሉ እያንዳንዱ መጋጠሚያ ወደ ስድስት ሴንቲ ሜትር ይበላልና 726 ብቻ ይቀራል። ስድስት ጥብጣብ ይቁረጡ፤ 40 ሴንቲ ሜትር ጨርቅ ያወጣዋል።

ሦስቱን ድርብርብ መሸለል፦ ገበሩን በፊቱ ወደ ወለሉ አንጥፈው ዙሪያውን በፕላስተር ይወጥሩ፤ ሙሌቱን፣ ከዚያም የላይኛውን ገጽ ያንጥፉ። ከመሀል ጀምረው ወደ ዳር በ15 ሴንቲ ሜትር ርቀት፣ በረጅም ስፌት ይሸልሉ። ከዳር ወደ መሀል ከሄዱ የተረፈው ጨርቅ ሁሉ መሀል ላይ ይከማቻል፤ ያ እብጠት በኋላ በምንም አይጠፋም። ለዚህ ሥራ ጎንበስ ብሎ የሚረዳዎ አንድ ሰው ቢኖር መልካም ነው፤ ወገብ ይጎዳል።

ደረጃ 5፦ እያንዳንዱን ሥራ በከረጢት ያሰናዱ

በከረጢቱ ውስጥ ሥራው፣ ክሩ፣ መርፌው፣ የደረጃ 2 ወረቀትና ተሠርቶ ያለቀ አንድ ናሙና ይኑር። ናሙናው ከመቶ ቃል ማብራሪያ ይበልጣል፤ እንግዳዋ አይታ ትቀጥላለች። ዓይናቸው የደከመ ትልልቅ ሰዎች ከመጡ 10 መርፌ ላይ ክር አስገብተው መርፌ መስኪያ ላይ ሰክተው ይጠብቋቸው። እማማ መርፌ ውስጥ ክር ለማስገባት ልጅ ሲጣሩ መዋላቸው ያሳፍራቸዋል፤ ክሩ ገብቶ ከጠበቃቸው ግን ስፌታቸው ከሁላችንም ይቀጥናል።

ደረጃ 6፦ ሰው ይጥሩ፣ ቦታ ያዘጋጁ

ከሦስት እስከ አምስት ሰው ይበቃል፤ ከዚያ ከበዛ ግማሹ ተመልካች ይሆናል። ግብዣውን በወንፈል ሥርዓት ያድርጉት፦ ዛሬ እርስዎ ቤት የእርስዎ ሥራ፣ በሚቀጥለው ሳምንት እነሱ ቤት የእነሱ። ሁሉም ቤት ሳይጨረስ የተቀመጠ ነገር ስላለ ተራው ቶሎ ይያዛል፤ ደግሞም ተራው የሚመጣለት ሰው በጥንቃቄ ይሠራል።

ሰዓቱን ከቀኑ 8 እስከ 11 ያድርጉት። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ብርሃን ለጥልፍ አይሆንም፤ አምፖል ሥር ጥቁርና ጥቁር ሰማያዊ ክር አይለዩም። በቀኙ የሚሠራ ሰው ብርሃኑ ከግራው፣ በግራው የሚሠራ ከቀኙ እንዲመጣለት አድርገው ያስቀምጡ፤ ካልሆነ የራሱ እጅ ጥላ ስፌቱ ላይ ይወድቃል።

ረከቦቱን ከሥራው ቢያንስ ሁለት ሜትር ያርቁት። የከሰል ፍንጣሪ ፖሊስተር ላይ ካረፈ ወዲያው ይበሳዋል። መስኮት ክፍት ይሁን። አቦሉ ሥራ ሳይጀመር ይጠጣ፤ ቶናውና በረካው ሥራው ከጉልበት ላይ ወርዶ ሲቀመጥ ይቅረብ። የቡና ቁርስ ደረቅ ቆሎ ይሁን፤ ዳቦ ቆሎና ቅቤ የነካው ነገር ጣት ላይ ቅባት ይተዋል፣ ቅባቱም ነጭ ጥልፍ ላይ ይቀራል።

ደረጃ 7፦ ሥራውን እንደ እጁ ጠባይ ያከፋፍሉ

ብዙ የጋራ ሥራ የሚበላሸው እዚህ ነው። የሁለት ሰው እጅ አንድ ዓይነት አይደለም፤ አንዷ ክሩን ትስባለች፣ ሌላዋ ታላላዋለች። ስለዚህ ልዩነቱ ለዓይን እንዳይጋለጥ አድርገው ይከፋፍሉት።

ጥልፍን በቦታ ሳይሆን በዓይነት ይክፈሉ። አንዷ ቀኙን፣ ሌላዋ ግራውን ጥግ ብትይዝ ሁለቱ ጽጌረዳዎች ጎን ለጎን ሲታዩ ይለያያሉ። ይልቁንስ አንዷ ቅጠሉን በሙሉ፣ ሌላዋ አበባውን በሙሉ፣ ሦስተኛዋ ግንዱን በሙሉ ትያዝ፤ የእጅ ልዩነቱ የቅርጽ ልዩነት መስሎ ያልፋል። ጨርቁ አንድ በመሆኑ በየተራ ይያዛል፤ አንዷ ስትጠልፍ ሌሎቹ ሌላ ከረጢት ይክፈቱ። ሲያቆሙ መወጠሪያውን ክብ እንጨት ያውልቁ፤ ተወጥሮ ከቆየ የማይጠፋ ቀለበት ይተዋል።

ዳንቴልን በቁራጭ ይክፈሉ። የአልጋ ልብሱ ከብዙ ክብ ወይም አራት ማዕዘን ቁራጮች የሚገጣጠም ከሆነ ማንም ሰው የፈለገውን ያህል ቁራጭ ሊሠራ ይችላል። ካለቁ በኋላ ሁሉም ረጥበው በአንድ ልክ በስፒል ተወጥረው ይድረቁ፤ ትንንሽ ልዩነት የሚስተካከለው በዚህ ነው። ለዚህ የማይዝግ ስፒል ይምረጡ። ማጋጠሙንና የዳሩን ዘርፍ ግን አንድ ሰው ብቻ ይሥራው። ዳንቴሉ ሳይቆራረጥ በአንድ ወጥ የሚሄድ ከሆነ ለብዙ ሰው አይሆንም፤ ለአንድ እጅ ይተዉት።

የአልጋ ልብሱን ድርብርብ በመደዳ ይክፈሉ። ቀደም ብሎ በጠመኔ የተሰመረውን መስመር አንድ ሰው ከዳር እስከ ዳር ይጨርስ። የተካነ እጅ መሀሉን፣ ጀማሪ ዳሩን ይያዝ፤ ዳሩ አልጋው ላይ ሲወርድ ብዙም አይታይም። ይህን ለጀማሪው መንገር አያስፈልግም።

ጋቢ ወይም ነጠላ ጫፉ ሳይቋጭ ተቀምጦ ከሆነ ለቡና ሰዓት ከእሱ የተሻለ ሥራ የለም። እኩል ዘለላ ክር ይያዙ፣ ለሁለት ይክፈሉ፣ ሁለቱንም ወደ አንድ አቅጣጫ ያክርሩ፣ ከዚያ አንድ ላይ አድርገው ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ ያጠምሩና ጫፉን ይቋጥሩ። አቅጣጫው መገልበጡ ግዴታ ነው፤ ሁለቱ ክርሮች አንዱ ሌላውን ይዞ እንዳይፈታ የሚያደርገው እሱ ነው። ዘለላው እኩል እንዲሆን አንድ ሰው ብቻ እየቆጠረ ያከፋፍል።

ስፌት የማያውቅ ሰው ክር ያስገባ፣ የሽለላ ክር ይንቀል፣ ይተኩስ። ልጆች ቁልፍ በመጠንና በቀዳዳ ቁጥር ይለዩ፤ ከስድስት ወይም ከሰባት ዓመት በላይ ከሆኑ ጫፉ ደነዝ በሆነ መርፌ ጆንያ ወይም ሳሳ ያለ ጨርቅ ላይ ይለማመዱ።

ደረጃ 8፦ የስፌት መኪናውን ለአንድ ሰው ይስጡ

መኪና የሚሰፋው ሰው በየመሀሉ አይቀየር፤ የክሩ ጥብቀት በየእጁ ይለወጣልና። መኪናው ለረጅም ጊዜ ካልሠራ አቧራውን በብሩሽ ጠርገው በየመጋጠሚያው አንድ ጠብታ የመኪና ዘይት ያድርጉ፣ ከዚያ በአሮጌ ጨርቅ ላይ ያለ ክር ያስኬዱት፤ ትርፍ ዘይት ካለ እዚያው ይጠጣል። የምግብ ዘይት ውስጡ ደርቆ ይጣበቃል። ለመደበኛ ስፌት ርዝመቱን 2.5 ሚሊ ሜትር ያድርጉት። ለልብስ ከጠርዝ እስከ ስፌት 1.5 ሴንቲ ሜትር፣ ለቁርጥራጭ አገጣጠም ስድስት ሚሊ ሜትር ይተዉ፤ የቀድሞው ሰፊ የተጠቀመበትን ልክ ለክተው ያንኑ ይከተሉ፤ ካልሆነ ማዕዘኖቹ አይገጥሙም።

ደረጃ 9፦ ጠርዙን ይዝጉ፣ ጫፎቹን ይሰውሩ

የክር ጫፍ በኋላ በኩል በአምስት ሴንቲ ሜትር ያህል በስፌቱ ሥር ተመልሶ ይግባ፤ ቋጠሮ ብቻ ከሆነ ይወጣል፣ በካውያም ፊት ለፊት ይወጋል። ጥልፍን ፎጣ ላይ በፊቱ አንጥፈው ከጀርባው ይተኩሱ፤ በፊቱ ከተተኮሰ ከፍ ያለው ጥልፍ ይጨፈለቃል። የሽለላውን ክር ከመታጠቡ በፊት ይንቀሉ። የቀድሞው ጠመኔ ምልክት ካለ ካውያ ሳያርፍበት ያራግፉት፤ አንዳንዱ በሙቀት ይቀራል።

ደረጃ 10፦ ሰው ከመሄዱ በፊት መርፌ ይቁጠሩ

ስንት መርፌ ወጣ፣ ስንት ተመለሰ? ቁጥሩ ካልሞላ ማንም ከመቀመጫው ሳይነሣ በማግኔት ይፈለግ፤ በማግስቱ የሚያገኘው የሕፃን ጉልበት ይሆናልና። ያላለቀ ሥራ ካለ ደግሞ የደረጃ 2ን ወረቀት አውጥተው አዲሱን ቀጣይ ስፌት ይጻፉበት። ይህ ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው፤ ካልተጻፈ ግን ከረጢቱ ወደ ሻንጣው ይመለሳል።

ማስጠንቀቂያ

- ምላጭና መተርተሪያ ልጆች በሚደርሱበት ምንጣፍ ላይ አይቀመጥ።
- የጋለ ካውያ ተነቅሎም ቢሆን ለብዙ ደቂቃ ያቃጥላል፤ ገመዱ በመተላለፊያ አይዘርጋ።
- ሻጋታ የያዘ ጨርቅ ቤት ውስጥ አይራገፍ፤ ደጅ ይራገፍና ለብቻው ይታጠብ።
- ቡና ከፈሰሰ አይሹት፤ በነጭ ጨርቅ ተጭነው ያስመጡት፣ ወዲያው በቀዝቃዛ ውኃ ያለቅልቁት።

ብዙ ጊዜ የሚታዩ ስሕተቶች

- የቀድሞውን ስፌት «አስቀያሚ ነው» ብሎ ከሥሩ መተርተር። አሮጌ ጨርቅ ሲተረተር ቀዳዳው አይገጥምም፤ ካልተፈታ በቀር በላዩ ይቀጥሉ።
- በአንድ ቀን ሁሉንም ከረጢት መክፈት። ክሮች ይደባለቃሉ፣ ሲመሽ ምንም ያለቀ ነገር አይኖርም።
- የገበሩን ጨርቅ ሳያጥቡ መስፋት (ደረጃ 4ን ይመልከቱ)።
- ያለቀውን ሥራ ለመጀመሪያ ጊዜ በሙቅ ውኃ፣ ከሌላ ልብስ ጋር ማጠብ። የመጀመሪያው አጠባ በቀዝቃዛ ውኃ፣ ለብቻው፣ ሳይጨመቅ ይሁን፤ ከዚያም ክብደቱ እንዳይስበው ገመድ ላይ ሳይሰቀል ፎጣ ላይ ተዘርግቶ ይድረቅ።